ዕቃው የገዢ፣ ቁልፉ የሻጭ

በሬ የሸጠ ገበሬ ገንዘቡን ቆጥሮ ከተቀበለ በኋላ ገዢው የትኛውን ማሳ እንደሚያርስበት፣ ከየትኛው በሬ ጋር እንደሚጠምደው፣ አርጅቶ ሲደክምም ለማን እንደሚሸጠው አይጠይቅም። ቤት የሸጠ ሰውም ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል እንጂ አንዱን ቁልፍ በኪሱ አስቀርቶ ‹‹ሶፋ ስታስገባ አስፈቅደኝ፣ ከሶፋው ዋጋም ከመቶ ሠላሳውን ስጠኝ›› አይልም። ቢል ገዢው ሽማግሌ እንኳ ሳይልክ ፍርድ ቤት ይገትረዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1204 ባለሀብትነትን በአንድ ዕቃ ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው አድርጎ ያስቀምጠዋል።

ይህ የቆየ የገበያ ሥርዓት በኮምፒዩተርና በሞባይል ስልክ ዘመን ቀስ በቀስ እየተሸረሸረ ነው። አንድ ሸማች የወራት ደመወዙን አጠራቅሞ በገዛው ስልክ ላይ የትኛውን ፕሮግራም መጫን እንደሚችል የሚወስነው አምራቹ ሆኗል። ስክሪኑ ሲሰበር በምን ዓይነት ስክሪን እንደሚተካ የሚፈቅደው አምራቹ ነው። ‹‹ከእንግዲህ አዲስ ፕሮግራም አይቀበልም›› ብሎ ስልኩን ጡረታ የሚያወጣውም ያው አምራች ነው። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ደረሰኙ ተቆርጧል፣ ዕቃው ገዢው ኪስ ገብቷል፤ ቁልፉ ግን ሻጩ ዘንድ ቀርቷል።

ስለዚህ ነገር አጥብቀው የሚያማርሩት ፕሮግራመሮች ናቸው። ሁለት ፕሮግራመሮች ለሻይ ተቀምጠው ይህ ጨዋታ ከተነሳ ሻይው ይቀዘቅዛል እንጂ ወሬው አያልቅም። ሌላው ሰው ግን ጉዳዩን የባለሙያዎች የእርስ በርስ ንትርክ አድርጎ ስለሚቆጥረው ጆሮ አይሰጠውም። ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። ቁልፉ የቴክኒክ ነገር ቢመስልም ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ገዢው ነው፤ ከሁሉ አብልጦ የሚከፍለው ደግሞ ከዋናው ገበያ የራቀው፣ የቋንቋው ተናጋሪ ጥቂት፣ ገንዘቡ አነስተኛ፣ ስልኩም ያገለገለ የሆነው ገዢ ነው።

ብሶቱ የጀመረው በማተሚያ ነው

ነገሩ ሞባይል ስልክ ሳይስፋፋ የጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ ፕሮግራመር፣ ከዜሮክስ ኩባንያ የመጣ የሌዘር ማተሚያ ወረቀት እየያዘ አስቸገረው። ከዚያ ቀደም በነበረው ማተሚያ ላይ ወረቀት በያዘ ቁጥር ለሠራተኞቹ በኮምፒዩተራቸው የሚያሳውቅ ማስተካከያ ሠርቶ ነበር። ለአዲሱም ይህንኑ ለማድረግ የፕሮግራሙን ሶርስ ኮድ ቢጠይቅ፣ ኮዱ በእጁ ያለው በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ባለሙያ ‹‹ምስጢር ልጠብቅ ፈርሜያለሁ›› ብሎ ከለከለው። ማተሚያው አለ፣ ችግሩን የሚያውቅ ባለሙያ አለ፣ መጠገን ግን አይቻልም።

ስቶልማን ነገሩን ከቂም አልፎ ወደ ሥራ ለወጠው። እ.ኤ.አ. በ1983 ማንም ሰው ሊያየው፣ ሊያሻሽለውና ሊያባዛው የሚችል ‹‹ግኑ›› የተባለ ሶፍትዌር ሊሠራ መነሳቱን አወጀ፤ ቀጥሎም ይህ ነፃነት ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ እንዳይጠፋ የሚያስገድድ የፈቃድ ውል ጻፈ። የፊንላንዱ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስም ብዙ ሳይቆይ በዚሁ ውል ሥር ገባ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው ስልክ የሚሠራበት የአንድሮይድ ሲስተም እምብርቱ ይኸው ሊኑክስ ነው።

ይሁንና ታሪኩ መንገድ ላይ ተጣመመ። ቲቮ የተባለ የቴሌቪዥን መቅጃ አምራች ሊኑክስን ወስዶ ተጠቀመበት፤ እንደ ውሉም ኮዱን ለሕዝብ አወጣ። ነገር ግን ማንም ሰው ያንን ኮድ አሻሽሎ መልሶ መቅጃው ላይ እንዳይጭነው ዕቃውን ቆለፈው። የወጡን አሠራር ጽፎ ሰጥቶ የማዕድ ቤቱን በር እንደ መዝጋት ነው። ስቶልማን ይህንን የሚከለክል ሦስተኛ የውል ቅጂ እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2007 አወጣ። ቶርቫልድስ ግን አልተቀበለውም። እሱ ከተጠቃሚው የሚፈልገው የተሻሻለው ኮድ እንዲመለስለት ብቻ እንደሆነ፣ የዕቃው አምራች በዕቃው ላይ የሚያደርገው የራሱ ጉዳይ እንደሆነ ተከራከረ። ሊኑክስም በቀድሞው ውል ቀረ። እንደ አጋጣሚ በዚያው ቀን፣ ጁን 29 ቀን 2007፣ የመጀመሪያው አይፎን በአሜሪካ ለሽያጭ ቀረበ።

ከዚያ ወዲህ የፕሮግራመሮች መንደር ለሁለት ተከፍሎ ቀርቷል። አንደኛው ወገን ‹‹የገዛሁት ዕቃ ሊታዘዝ የሚገባው ለእኔ ነው›› ይላል። ሌላው ‹‹ዕቃው ጥሩ ከሠራልኝ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ምን ገዶኝ›› ይላል። በመሐል የሚረሳው አንድ ነገር አለ፤ ቁልፉን የሠራው ራሱ ፕሮግራመሩ ነው። የሚያማርረውም የሚቆልፈውም አንድ ሙያ ነው፤ ብዙ ጊዜም በጎን ለጎን ወንበር የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። ቁልፉ ራሱን ሲያስቸግረው ደግሞ ሰብሮ የሚገባበትን ዘዴ ያውቃል፤ ለራሱ ስልክ መፍትሔ ካገኘ በኋላ የጎረቤቱ ስልክ አያሳስበውም። ‹‹ተጠቃሚው ምን ያውቃል›› የሚለው አነጋገር በዚህ መንደር የተለመደ ሲሆን፣ አንዱ ለመቆለፊያ ምክንያት፣ ሌላው ለዝምታው ማመካኛ ያደርገዋል። የብሶቱ ትክክለኛነት እንዳለ ሆኖ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ተወርቶ ገበያውን ያልለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሠላሳ ከመቶ

አፕል እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 አፕ ስቶር የተባለውን የፕሮግራም መሸጫ በ500 ያህል ፕሮግራሞች ከፈተ። ሱቁ ሲከፈት ለፕሮግራመሩ ዕዳ ሳይሆን ምሕረት ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ለስልክ ፕሮግራም የሠራ ሰው ከየቴሌኮም ኩባንያው ደጃፍ መጽናት ነበረበት። አፕል አንድ በር ከፍቶ አንድ ዋጋ ለጠፈ፤ ከሽያጩ 70 ከመቶ ለሠሪው፣ 30 ከመቶ ለአፕል። ጥያቄው የመጣው ስልኩ በመቶ ሚሊዮኖች ተሸጦ ሱቁ ግን ብቸኛ በር ሆኖ ሲቀር ነው።

ሠላሳ ከመቶ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት በሚታወቅ ነገር ማነፃፀር ያሻል። በኢትዮጵያ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 ከመቶ ነው፤ የአፕል ድርሻ የዚህ እጥፍ ነው። የድርጅቶች የንግድ ትርፍ ግብር 30 ከመቶ ነው፤ ነገር ግን ግብሩ የሚሰላው ወጪ ተቀንሶ ከሚቀረው ትርፍ ሲሆን፣ የአፕል ድርሻ የሚነሳው ግን ከጠቅላላ ሽያጩ ነው። አንድ ሰው በ100 ብር ሸጦ 80 ብር ወጪ ቢኖረው መንግሥት የሚጠይቀው ከ20 ብሩ ላይ 6 ብር ነው። የሱቁ ባለቤት ግን 30 ብሩን አስቀድሞ ያነሳና ነጋዴውን 10 ብር ዕዳ ውስጥ ይጥለዋል። ታክሲ መጥራትና ምግብ ማዘዝን የመሰሉ አገልግሎቶች ከዚህ ክፍያ ነፃ መሆናቸው፣ ከ2021 ወዲህም በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች ለሚሸጡ ክፍያው ወደ 15 ከመቶ መውረዱ አይካድም። ቅነሳው ራሱ ግን አንድ ነገር ይናገራል፤ ዋጋው የወጪ ጉዳይ ሳይሆን የፈቃድ ጉዳይ ነበር።

ይህንን በገሃድ ያሳየው የኤፒክ ጌምስ ክስ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ፎርትናይት በተባለው ጨዋታው ውስጥ በአፕል በኩል ሲከፈል 9.99 ዶላር የሆነውን የጨዋታ ገንዘብ፣ በቀጥታ ለእሱ ለሚከፍል በ7.99 ዶላር ሸጠ። አፕል በዚያው ዕለት ጨዋታውን ከሱቁ አወጣው። በ2021 ዳኛ ኢቮን ጎንዛሌዝ ሮጀርስ በአብዛኛው ክስ ለአፕል ፈረዱ፤ ነገር ግን ሻጮች ለደንበኞቻቸው ‹‹ሌላ ቦታ በርካሽ አለ›› ብለው እንዳይናገሩ መከልከሉን ሕገወጥ አሉት። አፕል ታዲያ ከሱቁ ውጭ በሚደረገው ግዢ ላይም 27 ከመቶ ልውሰድ አለ። በኤፕሪል 2025 ዳኛዋ ይህንን ፍርድ ቤት መድፈር ነው ብለው ወሰኑ፤ ጉዳዩም ከዚያ በኋላ በይግባኝ ቀጥሏል። የሕጉ ክርክር ለጠበቆች ይቆይ። ለሸማቹ የሚበቃው መረጃ ግን ከክሱ በፊት በመጀመሪያው ቀን ታይቷል፤ በሩ ለአንድ ቀን ሲከፈት ዋጋው በሁለት ዶላር ወረደ።

የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ በማርች 2024 ሥራ ላይ ባዋለው የዲጂታል ገበያዎች ሕግ አፕል ሌሎች ሱቆችን በአይፎን ላይ እንዲፈቅድ አስገድዷል፤ በኤፕሪል 2025ም ሻጮችን በማፈኑ 500 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። በሌላ በኩል ከሌላ ምንጭ የመጣ ፕሮግራም ሲቀበል የኖረው አንድሮይድ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ እያዘነበለ ነው። ጉግል በኦገስት 2025 ባወጣው ዕቅድ፣ በአንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫን ማንኛውም ፕሮግራም ሠሪው ማንነቱን ጉግል ዘንድ ያስመዘገበ መሆን እንዳለበት፣ ይህም በ2026 በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ እንደሚጀምር አስታውቋል። ተቃውሞ ሲበረታበት ልምድ ላላቸው ተጠቃሚዎች ማለፊያ እንደሚተው ገልጿል። ማለፊያው ሰፊ ይሁን ጠባብ የሚወስነው ግን ያው ጉግል ነው።

ርካሽ ማተሚያ፣ ውድ ቀለም

የቁልፍ ንግድ ስሌቱ በየመሥሪያ ቤቱ ይታወቃል። ማተሚያው በርካሽ ይሸጣል፤ ቀለሙ ወይም ቶነሩ ግን ጥቂት ጊዜ ሲቀየር የማተሚያውን ዋጋ ያህል ይሆናል። ስሌቱ የሚሠራው ገዢው የሌላ አምራች ቀለም መጠቀም ካልቻለ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ላይ ትንሽ ቺፕ ይለጠፋል፤ ማተሚያውም ቺፑን ካላወቀው አላትምም ይላል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 ከአንድ ቀን ወደ ሌላው በርካታ የኤችፒ ማተሚያዎች የሌላ አምራች ቀለም አንቀበልም ብለው ነበር፤ ደንበኛው የነካው ነገር የለም፣ አስቀድሞ በሶፍትዌር የተቀመጠ ቀጠሮ ደርሶ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ሌክስማርክ በተባለው የማተሚያ አምራች ጉዳይ ላይ አንድ ዕቃ ከተሸጠ በኋላ የባለፓተንቱ መብት በዚያ ዕቃ ላይ እንደሚያበቃ ወስኗል። ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ ያቀረቡት ምሳሌ ያረጁ መኪኖችን ጠግኖ የሚሸጥ ጋራዥ ነበር፤ እያንዳንዱ የመለዋወጫ አምራች ጋራዡን እየተከታተለ ቢከስ ንግዱ እንደሚቆም አስረድተዋል። ፍርዱ መልካም ነው፤ ቺፑ ግን ፍርድ አያነብም። በሕግ የተከፈተው በሶፍትዌር ተዘግቶ ይቆያል። እንዲያውም በ1998 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለውን ዲጂታል ቁልፍ መስበርን ራሱን ሕገወጥ ስላደረገው፣ ለስልክና ለአንዳንድ ዕቃዎች ለብቻ ለብቻ ፈቃድ ማውጣት አስፈልጓል።

ችግሩ ከቢሮ ወደ እርሻም ወርዷል። የአሜሪካ ገበሬዎች የጆን ዲር ትራክተራቸው በአዝመራ መሐል ሲቆም፣ ብልሽቱ ቀላል ቢሆን እንኳ ኩባንያው ለወኪሎቹ ብቻ የሚሰጠው ሶፍትዌር ካልመጣ መጠገን እንዳልቻሉ ለዓመታት ሲያሰሙ ቆይተዋል። የኮሎራዶ ግዛት በ2023 የእርሻ መሣሪያ ጥገና መብት ሕግ ያወጣች ሲሆን፣ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽንም በጃንዋሪ 2025 ኩባንያውን ከሷል። ዝናብ ሲመጣ ወኪል የማይጠብቅ መሆኑን ለኢትዮጵያ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የአማዞን ነው። ኩባንያው በጁላይ 2009 ኪንድል በተባለው የማንበቢያ መሣሪያ የሸጣቸውን የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት፣ አቅራቢው መብቱ እንዳልነበረው ሲያውቅ ከገዢዎቹ መሣሪያ ላይ ከሩቅ ሆኖ አጠፋቸው። ገንዘቡን መልሷል፤ የኩባንያው መሪ ጄፍ ቤዞስም በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ነገር ግን መጽሐፍ የሸጠ ነጋዴ ሌሊት ቤት ገብቶ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አንስቶ ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ቢሄድ ‹‹ደግ ሰው ነው›› የሚለው የለም። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንዲህ ላለው ንብረት ነው።

የሌባው ጥያቄ

አምራቾቹ ለዚህ ሁሉ አንድ ጠንካራ መልስ አላቸው፤ ደኅንነት። መልሱ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አፕል በ2013 ስልኩ ቢሰረቅ ያለ ባለቤቱ የምስጢር ቃል እንዳይሠራ የሚያደርገውን ቁልፍ ካስገባ በኋላ፣ የኒው ዮርክ፣ የሳን ፍራንሲስኮና የለንደን ባለሥልጣናት የስልክ ዝርፊያ መቀነሱን በ2015 አስታውቀዋል። ከማይታወቅ ምንጭ ፕሮግራም ጭኖ የባንክ ሒሳቡን የተዘረፈም ሰው አለ። በቴሌብርና በባንክ አፕሊኬሽኖች ገንዘብ በሚዘዋወርበት አገር ይህ ሥጋት ቀልድ አይደለም።

ዳሩ ግን ሁለት ዓይነት ቁልፍ አለ። አንደኛው ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ሌባውን ደጅ የሚያስቀርበት ነው። ሌላው ሻጩ ቁልፉን ይዞ ባለቤቱን ጭምር የሚያስፈቅድበት ነው። የስልክ ዝርፊያን የቀነሰው የመጀመሪያው ነው፤ የምስጢር ቃሉ ባለቤቱ ዘንድ ነውና። ሠላሳ ከመቶውን የሚሰበስበው፣ የሌላ አምራች ቀለም የሚመልሰውና መጽሐፍ የሚያጠፋው ሁለተኛው ነው። አምራቾቹ በመጀመሪያው ጥቅም ለሁለተኛው ይከራከራሉ። አፕል ራሱ የሚሸጠው የማክ ኮምፒዩተር ከየትኛውም ቦታ የመጣ ፕሮግራም ባለቤቱ ከፈቀደ ይቀበላል፤ ያስጠነቅቃል፣ ይጠይቃል፣ በመጨረሻ ግን ይታዘዛል። ኮምፒዩተሩ በዚህ ምክንያት የሌባ መጫወቻ አልሆነም። ስልኩ የተለየበት ምክንያት ከደኅንነቱ ይልቅ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ይገኛል።

የግዕዝ ፊደል ማንን አስፈቀደ?

ጉዳዩ የካሊፎርኒያ ባለሀብቶች ጠብ ለሚመስለው አንባቢ አንድ የቅርብ ምሳሌ አለ፤ የሚያነበው ፊደል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አማርኛን በኮምፒዩተር መጻፍ የተቻለው ማይክሮሶፍት ወይም አይ.ቢ.ኤም. ስላሰቡበት አይደለም። በአገር ውስጥና በውጭ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ፊደሉን ስለው፣ የፊደል ገበታውን ቀምረው፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ስለጫኑት ነው። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየማተሚያ ቤቱና በየጋዜጣው ዝግጅት ክፍል የገቡት በዚህ መንገድ ነው። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ውስጥ የራሱን የአማርኛ ፊደል አካትቶ የሸጠው በ2007 ቪስታ ሲወጣ ነው። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት የአገሪቱ የግል ፕሬስ ተወልዶ አድጓል።

እነዚህ ባለሙያዎች ማንንም አላስፈቀዱም፤ ለማንም ሠላሳ ከመቶ አልከፈሉም፤ ዕቃው ክፍት ነበርና። ኮምፒዩተሩ እንደ አይፎን ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ አማርኛ ጸሐፊው አንድ የአሜሪካ ኩባንያ የኢትዮጵያን ገበያ አጥንቶ ‹‹ያዋጣል›› እስኪል ድረስ በታይፕራይተር ይቆይ ነበር። ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ በስልክ ላይ በተግባር ታይቷል። አንድሮይድ ማንም የሠራውን የፊደል ገበታ መቀበል የጀመረው በ2009 ነው። አፕል ግን ከራሱ ሌላ የተሠራ የፊደል ገበታ በአይፎን ላይ እንዲሠራ የፈቀደው በሴፕቴምበር 2014 ነው። በእነዚያ አምስት ዓመታት አንድ ፕሮግራመር የግዕዝ ፊደል ገበታ ሠርቶ ለአንድሮይድ ተጠቃሚ መስጠት ሲችል፣ ለአይፎን ተጠቃሚ ግን እንኳን በነፃ ቢሰጠው በሩ ዝግ ነበር። የሚያውቀው ሰው አለ፣ የሚፈልገው ሰው አለ፣ ዕቃውም ተገዝቷል፤ የቀረው የሻጩ ፈቃድ ብቻ ነው።

የምጣኔ ሀብት ትርጉሙ ግልጽ ነው። ትልቅ ኩባንያ የሚያስበው ለትልቅ ገበያ ነው፤ ይህም ክፋት ሳይሆን ሒሳብ ነው። የትንሹን ገበያ ጉድለት የሚሞላው እዚያው ያለ፣ ችግሩ የሚቆረቁረው ሰው ነው። ዕቃው ሲቆለፍ ይህ ሰው ከጨዋታ ይወጣል። በአፕል ሱቅ ፕሮግራም ለማቅረብ በዓመት 99 ዶላር፣ በጉግል ሱቅ ደግሞ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይከፈላል። ለሳን ፍራንሲስኮ ፕሮግራመር ይህ የምሳ ሒሳብ ነው። ዶላር የሚከፈልበት ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ለኖረበት ለአዲስ አበባው ጀማሪ ግን በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው።

ከአሜሪካ የመጣው ስልክ

ሁለተኛው የቁልፍ ዋጋ የሚታየው በመርካቶና በየሠፈሩ ባሉ የስልክ ጥገና ሱቆች ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ስልክ ብዙ ጊዜ ለአንድ የቴሌኮም ኩባንያ የተቆለፈ ሆኖ ይመጣና ሲም ካርድ አልቀበልም ይላል። ‹‹ስላይትሊ ዩዝድ›› ተብሎ የተገዛው ደግሞ የቀድሞ ባለቤቱ ሒሳብ ሳይዘጋ ቀርቶ፣ መስተዋቱ እያበራ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ገዢው ቁልፉን ለማስከፈት እንደገና ይከፍላል፤ ካልተከፈተም ስልኩ ለመለዋወጫነት ይታረዳል።

አሁን ደግሞ ይኸው እርድ ራሱ ዋጋ እያጣ ነው። አንዳንድ አምራቾች እያንዳንዱን ክፍል ከስልኩ ጋር በሶፍትዌር ስለሚያጋቡት፣ ከአንዱ ስልክ የወጣ ትክክለኛ የፋብሪካ ስክሪን ወይም ባትሪ በሌላው ላይ ሲገጠም ስልኩ ማስጠንቀቂያ ያሳያል ወይም አንዳንድ ሥራውን ያቆማል። የኦሬገን ግዛት በ2024 ይህንን አሠራር የሚከለክል ሕግ ያወጣች ሲሆን፣ አፕልም በዚያው ዓመት ያገለገሉ የፋብሪካ ክፍሎችን በአዳዲስ ስልኮቹ ለመቀበል ተስማምቷል። በአዲስ ዕቃ የሚኖር ኅብረተሰብ ይህንን እንደ ጥቃቅን ነገር ሊያየው ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ስልክ መግዛት ለደመወዝተኛው ምን ያህል እንደራቀ የሚያውቅ ግን ከሁለት የሞቱ ስልኮች አንድ የሚሠራ የሚያወጣውን ጠጋኝ ዋጋ ያውቀዋል። የጠጋኙ እንጀራና የውጭ ምንዛሪው ቁጠባ የተንጠለጠሉት በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ዕቃው በሌላ እጅ መከፈቱ ላይ።

ምን ይሻላል?

አዲስ አበባ ሆኖ አፕልን ወይም ጉግልን ማስገደድ እንደማይቻል ግልጽ ነው። የሚቻለው ቁልፉን ከዋጋው ጋር አብሮ መቁጠር ነው።

አንደኛ፣ ሻጩ ይናገር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስልክ የሚሸጥ ነጋዴ ስልኩ ለየትኛውም ሲም ክፍት መሆኑን፣ የቀድሞ ባለቤቱ ሒሳብ መዘጋቱንና ለስንት ዓመት አዲስ ሶፍትዌር እንደሚያገኝ ሳይጠየቅ መናገር አለበት። ‹‹አስበህ ግዛ›› ብሎ ማለፍ ለበሬ ገበያ ይሠራ ይሆናል፤ የበሬ ጥርስ ተገልጦ ይታያልና። የስልክ ቁልፍ ግን ከገንዘቡ በኋላ ነው የሚታየው።

ሁለተኛ፣ ትልልቆቹ ገዢዎች ይጠይቁ። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲዎች ማተሚያ፣ ኮምፒዩተርና ሶፍትዌር በጨረታ ሲገዙ የሚያወዳድሩት የመግዣውን ዋጋ ነው። የአምስት ዓመት የቶነርና የጥገና ወጪ፣ የሌላ አምራች ዕቃ መቀበሉ፣ የተሠራው ሶፍትዌርም ሠሪው ቢጠፋ በሌላ ባለሙያ ሊቀጥል መቻሉ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ቢገባ፣ በርካሽ ማተሚያ የሚያሸንፈው አቅራቢ ሁልጊዜ አያሸንፍም። ግለሰቡ ሸማች ያጣውን የመደራደር አቅም እነሱ አላቸው።

ሦስተኛው ድርሻ የባለሙያዎቹ ነው። ፕሮግራመሩ ለወዳጁ ስልክ ሲመርጥለት ስለ ካሜራው ጥራት ብቻ ሳይሆን ስለ ቁልፉም ይንገረው። ለመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም ሲሠራም ደንበኛው ያለ እሱ መራመድ እንዳይችል አድርጎ አይቆልፈው፤ የካሊፎርኒያው ኩባንያ ሲያደርገው የሚያማርርበትን ነገር በሠፈሩ ሲደግመው የሚታይ ባለሙያ ጥቂት አይደለምና።

ሸማቹን በተመለከተ ግን ምክሩ አጭር ነው። ከመክፈሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ‹‹ይህ ዕቃ ነገ ቢበላሽ፣ ባረጅበት፣ ልሸጠው ብፈልግ፣ ሌላ ነገር ልጨምርበት ባስብ የማንን ፈቃድ እጠይቃለሁ?›› መልሱ ‹‹የሻጩን›› ከሆነ ዕቃውን ላለመግዛት መወሰን ግዴታው አይደለም፤ ብዙ ጊዜም አማራጭ የለውም። የሚከፍለው ግን የመግዣ ሳይሆን የረጅም ጊዜ ኪራይ መሆኑን አውቆ፣ ዋጋውንም እንደ ኪራይ ይከራከር።